ሽፈራው እና ሶኬቱ

ባሌ ሽፈራው ሶኬት ነቃይ ነው። ደመና ካየ ይነቅላል። መብራት ሲሄድ ይነቅላል፤ ሲመጣ ደግሞ «ቆይ፣ ይረጋጋ» እያለ ሩብ ሰዓት ያስጠብቀናል። ይህ ሁሉ የሆነው አንድ ክረምት መብራት ሄዶ ሲመለስ ፍሪጃችንን ስላቃጠለው ነው። ሠላሳ ዓመት ከባድ መኪና የነዳ፣ አፋር በረሃ ላይ ብቻውን ጎማ የቀየረ ሰው የግድግዳ ቀዳዳ ይፈራል ብል ማን ያምነኛል?

እኔ ብሩክታይት እባላለሁ፤ የወረዳ ሠራተኛ ነኝ። በሃምሳ ሦስት ዓመቴ ማስተርስ ልማር ብዬ ስነሣ የገርጂ ጎረቤቶቼ «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» አሉኝ። እውነት አላቸው፣ አልቸገረኝም። ግን ቦሌ ለሚ ኢንዱስትሪ ፓርክ ልብስ የሚሰፉት ሴቶች እንዴት ባለ ቤት ውስጥ ለስንት ሆነው ተከራይተው እንደሚኖሩ የጻፈ ሰው አላየሁም፤ እኔ ልጻፈው አልኩ። እሑድ እሑድ እየሄድኩ አርባ አንድ ሴቶች አነጋገርኩ። የመጨረሻው ምዕራፍ የእነሱ ቃል ነው። በሁለት ጣት አራት ወር ሙሉ ተየብኩት።

ጥናቱ የሚገባው ዓርብ ነበር። ዓርብ ካለፈ ለከርሞ ነው፤ ለከርሞ ደግሞ ጉልበቱም ፈቃዱም ይኑረኝ አይኑረኝ እግዜር ነው የሚያውቀው። ማክሰኞ ጠዋት አንዲት የምትታረም ገጽ ትዝ ብላኝ ኮምፒውተሩን አበራሁት። መብራቱ በራ፣ ፋኑ ጮኸ፣ ጥቁሩ ስክሪን ላይ ነጫጭ ፊደላት መጡ፣ ቀጥሎ የዊንዶውስ ምልክት ብቅ አለ፣ ከዚያ ሰማያዊ ሆነና ድርግም። እንደገና በራ። እንደገና ድርግም። ፍላሽ ላይ የገለበጥኩት እስከ አራተኛው ምዕራፍ ድረስ ብቻ ነው። አምስተኛውን «ነገ እገለብጠዋለሁ» ስል ነው የከረምኩት።

ሽፈራው ሲፒዩውን በጋቢው ጠቅልሎ ታቀፈውና ወሎ ሰፈር ወደሚገኝ አንድ ጥገና ቤት ሄድን። ሰውዬው ክዳኑን እንኳ አልከፈተውም። አንዴ አብርቶ አየና «ዲስኩ አልቆለታል፣ ፎርማት ይደረግ» አለ።

«ፎርማት ሲደረግ ጽሑፌስ?»

«እሱማ ይጠፋል፣ ማዘር።»

ራሴን አመመኝ ላለ ሰው አንገቱ ይቆረጥ እንደማለት ነው። አፌን ከፍቼ ልናገረው ስል ሽፈራው ሲፒዩውን ከባንኮኒው ላይ አንሥቶ፣ በጋቢው መልሶ ሸፍኖ ወጣ። ደህና ዋልም አላለውም።

ቢሮ ውስጥ የነገሩኝ ኢምፔሪያል አካባቢ አንዲት ባለሙያ ነበረች። ሩሃማ ትባላለች። ታክሲ ውስጥ ሽፈራው ሲፒዩውን ጭኑ ላይ አስቀምጦ ጉድጓድ በመጣ ቁጥር በሁለት እጁ ከፍ ያደርገዋል። ረዳቱ «ፋዘር፣ ሕፃኑ አንቀላፍቷል እንዴ?» አለው። ታክሲው በሙሉ ሳቀ። እኔ ግን ማልቀስ ነበር ያማረኝ።

ሩሃማ ሠላሳዎቹን ያጋመሰች ሴት ናት። መነጽሯን ፀጉሯ ላይ ሰክታ መጀመሪያ ጠየቀችኝ፤ መቼ ጀመረው፣ ሲነሣ ምን ይላል፣ ከዚያ በፊት መብራት ሄዶ ነበር ወይ። ከዚያ ክዳኑን ፈታች፣ አቧራውን ነፋች፣ ጆሮዋን አስጠግታ አዳመጠች።

«ዲስኩ ይዞራል። ድምፁም ጤነኛ ነው» አለች።

ሚሞሪውን አውጥታ ጥርሶቹን በእርሳስ ላጲስ ጠራርጋ መለሰችው። ኮምፒውተሩ በራ፣ ሰማያዊ ሆነ፣ ድርግም አለ። ሩሃማ ግን አልተናደደችም። ነጫጮቹ ፊደላት ሲመጡ አንድ ቁልፍ ተጭና አስቆመቻቸውና ወደ ጥጉ ጠቆመችን።

«ቀኑን እዩት እስቲ። ጃንዋሪ አንድ፣ ሁለት ሺህ አሥራ ሁለት ይላል።»

«በእኛ አቆጣጠር ከሆነ ስድስት ዓመት ብቻ ነው የዘገየው» አለ ሽፈራው። ሰው ሲጨነቅ ቀልድ የሚመጣለት ለእሱ ብቻ ነው።

ሩሃማ ሳቀችና ከማዘርቦርዱ ላይ የኮት ቁልፍ የምታክል ክብ ባትሪ ነቀለች። «ኮምፒውተሩ መብራት በሌለው ጊዜ ቀኑንም ሌላውንም ነገር የምታስታውስለት ይቺ ናት። ዲስኩን በምን መንገድ እንደሚያነበው ጭምር። ስትሞት ከፋብሪካ እንደወጣ ይሆናል። ዲስኩ ደህና ነው፣ እትዬ፤ እንዴት እንደሚያነበው ነው የጠፋበት።» ባትሪዋን ለካቻት። ባዶ ናት። «ይሄ ኮምፒውተር ከሶኬት ተነቅሎ ነው እንዴ የሚያድረው? ተሰክቶ ቢቆይ ኖሮ እንዲህ ቶሎ አታልቅም ነበር።»

ዞሬ ሽፈራውን አየሁት። ጨዋ ነኝ ብዬ ነበር የማስበው፤ ለካ አይደለሁም።

«ሦስት ዓመት ሙሉ!» ብዬ ጮህኩበት፣ ሰው ፊት። «አንተ ነህ የገደልከው! ስንቴ ነገርኩህ? እስቲ ምን አድርጎህ ነው?»

ሽፈራው ባርኔጣውን አውልቆ ያጣጥፍ ጀመር። «መኪና ቆሞ ሲከርም ባትሪው እንደሚወርድ ከእኔ በላይ ማን ያውቃል?» አለ ቀስ ብሎ። ከዚያ የተናገረው ለሩሃማ ነው፤ እኔን ቀና ብሎ አላየኝም። «ልጄ፣ መብራቱ ሲመጣ ጽሑፏን እንዳያቃጥልባት ብዬ ነው። ቴሌቪዥኑ ቢቃጠል ሌላ ይገዛል። እሷ የጻፈችው ከየት ይገዛል?»

አፈርኩ። እውነቱን ነው፣ ቴሌቪዥኑን አንዳንዴ ይረሳዋል። የኮምፒውተሩን ግን አንድ ቀን እንኳ ረስቶት አያውቅም። እኔ ጠዋት ጠዋት ጠረጴዛ ሥር ጎንበስ ብዬ፣ ወገቤን ይዤ፣ እየተራገምኩ ስሰካ ሦስት ዓመት አለፈኝ። ለምን እንደሚነቅለው ግን አንድ ቀን ጠይቄው አላውቅም። ጋቢውን ከመሬት አንሥቼ ትከሻው ላይ አደረግሁለት። ይቅርታ ማለት ፈልጌ ነበር፤ አፌ እምቢ አለኝ።

ሩሃማ አዲስ ባትሪ አስገባች። ቀኑን አስተካከለች፣ ሌላ አንድ መስመር ቀየረች፣ መዝግብ አለችው። የዊንዶውስ ምልክት መጣ።  ሰማያዊ አልሆነም። ዝም ብሎ ዞረ፣ ዞረ፣ ከዚያ ስክሪኑ ተከፈተ፤ ሽፈራው በወጣትነቱ የመኪናው በር ላይ ተደግፎ ሲስቅ የተነሣው ፎቶ።

«እኔን ነው እንዴ ያስቀመጥሽው?» አለ።

ከኮምፒውተሩ የሚያውቀው ጀርባውን ብቻ ነበር።

ሩሃማ አምስተኛውን ምዕራፍ ሁለት ፍላሽ ላይ ገለበጠችልኝ፤ ለራሴም ኢሜይል አስላከችኝ። ሽፈራውን ደግሞ «ጋሼ፣ መብራቱን የሚያረጋጋ ደህና ስታብላይዘር ይግዙለት። ከዚያ ሶኬቱን አይንኩት» አለችው። እሺ ብሎ እንደ ተማሪ ራሱን ነቀነቀ።

ዓርብ ጥናቴን አስገባሁ። መምህራኑ ፊት ቆሜ የማቀርብበት ቀን የተያዘልኝ በሰኔ ነበር። ሽፈራው «እኔ ካለሁ ትደናገሪያለሽ» ብሎ ቤት ቀረ። ገና ስለ ቦሌ ለሚ ሴቶች መናገር ስጀምር ሰማዩ ተቀደደ። ዝናቡ ጣሪያውን ሲደበድበው ድምፄን ከፍ አድርጌ አርባ አንዱንም ወክዬ ተናገርኩ። ጠየቁኝ፣ መለስኩ። አስወጡኝ፣ መልሰው አስገቡኝ። «አልፈሻል» አሉኝ።

ኮሪደሩ ላይ ስልኬን ስከፍት ሽፈራው ሦስት መልእክት ልኳል። መልእክት የመላክ ልማድ እንኳ የለውም።

«እየዘነበ ነው።»

«መብራት ሄዶ መጣ።»

«አልነቀልኩም። አጠገቡ ቁጭ ብያለሁ።»

ግድግዳውን ተደግፌ አለቀስኩ፤ ሳቅሁም። ከዚያ ደወልኩለት።

«አለፍኩ፣ ሽፌ። ይቅርታም አድርግልኝ፤ ያን ቀን ሩሃማ ጋ አልተናገርኩትም።»

 ከጀርባው የገርጂ ነጎድጓድ ሲያጉረመርም ይሰማኛል። 

«እሰይ፣ የኔ ጎበዝ» አለ። ከዚያ፣ «እንግዲህ አሁን ልንቀለው?»

«ንቀለው» አልኩት።