በደስታ ጨርሰው

ባለቤቴን ወንድይፍራውን የጨረሰው አዲሱ ቤዝ ጊታር ነው። የጨረሰውም በደስታ ነው። ቅሬታ የለኝም ብል ግን ውሸት ይሆንብኛል።

ወንድይፍራው የመኪና ኤሌክትሪሺያን ነው። እጆቹ ትንንሽ ናቸው፤ ሽቦ ለመጎርጎር የተመቹ፣ ለቤዝ ግን የማይሆኑ። በወጣትነቱ የቀበሌ ኪነት ገብቶ ቤዝ ሲሞክር ጣቱ አልደርስ ስላለው ጭብጨባ ላይ መደቡት። ያንን ጭብጨባ ዕድሜ ልኩን አልረሳውም።

ባለፈው ክረምት ፒያሳ አንድ የሙዚቃ መሣሪያ ሱቅ ውስጥ አንገቱ አጭር የሆነ ቤዝ አየ። ሻጩ «ክሩ አጭር ስለሆነ ትንሽ ጣትም ይደርስበታል» አለው። ወንድይፍራው እጁን ዘረጋ። ደረሰ። ገዛው።

ጊታሩን ይዞ ሲመጣ ጎረቤታችን እትዬ አመለወርቅ ደረጃው ላይ ነበሩ። እትዬ አዲስ ነገር አይተው ሳይመርቁ አያልፉም። ለጊታር ምን ተብሎ እንደሚመረቅ ግን አያውቁም፤ እኔም አላውቅም። ስለዚህ ለልብስና ለጫማ የሚባለውን አሉ። ጊታሩን በመዳፋቸው እየዳበሱ፣ ዓይናቸውን እሱው ላይ ተክለው፣ «በደስታ ጨርሰው!» አሉ።

«አሜን» አለ ወንድይፍራው።

ስህተቱ እዚህ ላይ ነው። እትዬ ያዩት ጊታሩን ስለነበር ጊታሩ ለእሱ የተነገረ መሰለው። «ጨርሰው» ተባለ፤ አጠገቡ የቆመው ወንድ ደግሞ አንድ ብቻ ነበር። እሱን መጨረስ ጀመረ።

መጀመሪያ ሱሪው ረዘመበት። ልብስ ሰፊ ጋ ወስጄ አሳጠርኩለት። ቀጥሎ የሸሚዙ እጅጌ ጣቶቹን ዋጠ። ሰው ሲያረጅ ያጥራል ብዬ ዝም አልኩ። አንድ ቀን ግን መስታወት ፊት አብረን ስንቆም ከትከሻዬ በታች ሆኖ አገኘሁት።

«ወንዴ፣ እያጠርክ ነው።»

«አውቃለሁ።»

«ያምሃል?»

«ኧረ ደስ ይለኛል።»

ነገሩን ተከታተልኩ። ቤዙን ባልነካበት ቀን ቁመቱ ባለበት ይቆያል። ዓይኑን ጨፍኖ፣ የታች ከንፈሩን ነክሶ፣ ፈገግ እያለ ሲመታ ግን ከወንበሩ የሚነሳው አጥሮ ነው። እትዬ አመለወርቅ ጋ ሄጄ ቃላቸውን እንዲያነሱልኝ ለመንኳቸው።

«ልጄ ሙሉመቤት፣ እርግማን ቢሆን ቄስ ጠርተን ይፈታል» አሉኝ። «ምርቃት በምን ይፈታል?»

ቢሆንም አላስቻላቸውም። መጥተው እጃቸውን ወንድይፍራው አናት ላይ ጭነው እንደ ሕፃን «እደግ፣ ተመንደግ!» አሉት። የአንድ ጣት ያህል አደገ። በዚህ ደስ ብሎት ቤዙን አነሳና ያደገውን ከነወለዱ መለሰው።

የቀረን መላ አንድ ብቻ ነበር።

«አትደሰትበት» አልኩት።

ሞከረ። አስቸጋሪ ደንበኞቹን እያሰበ፣ ግድግዳ ላይ አፍጥጦ፣ አንድ ዓይነት ልምምድ እየደጋገመ መታ። ሠራ። ቁመቱ መቀነሱን አቆመ። ፊቱ ግን ጠቆረ፤ ምግብ ቀረበ አልቀረበ ግድ የለውም፣ ሳናግረው «እ?» ይለኛል። ባሌ ቤቴ ውስጥ አለ፤ ናፈቀኝ።

አንድ ከሰዓት ሽንኩርት እየከተፍኩ ያ ደረቅ ልምምድ ከሳሎን ይሰማኛል። ሳላዝዘው ትከሻዬ ተነቃነቀ። ቢላዋውን አስቀምጬ ዞር ስል ወንድይፍራው በሩን አሻግሮ እያየኝ ነው። ለእሱ ምት ሰው ሲጨፍር አይቶ አያውቅም። ፊቱ በራ።

«ተይ ሙሌ» አለኝ። ጣቶቹ ግን አላቆሙም።

የእኔም ትከሻ አላቆመም። እንደዚያ ቀን የወደድኩት ቀን የለም። እሱ ምቱን አሞቀው፤ እኔ ወደ ሳሎን ገባሁ። ጊታሩ መጀመሪያ ደረቱን፣ ከዚያ ፊቱን ሸፈነው። ትንሽ ቆይቶ ወንድይፍራው የጊታሩ አንገት ላይ ወጥቶ ከክር ክር እየዘለለ በእግሩ ይመታ ጀመር። እየሳቀ ነበር። ከዚያ ሳቁ ቀረ፤ ወፍራሙ ክር ብቻውን ትንሽ ተንቀጠቀጠና ጸጥ አለ።

እትዬ አመለወርቅ ጸጥታውን ሰምተው መጡ።

«የት አለ?»

«አለቀ።»

«በደስታ?»

«በደስታ።»

«ተመስገን» አሉ፤ ነጠላቸውን ዓይናቸው ላይ አድርገው አለቀሱ። እኔም አለቀስኩ። አብረን ተቀመጥን፤ ሲመሽ ወደ ቤታቸው ገቡ።

በማግስቱ ልብሶቹን አጥቤ አሰጣሁ። ከዚያ ጊታሩን ከሶፋው አንስቼ ጭኔ ላይ አጋደምኩት። በሕይወቴ መትቼ አላውቅም። አንገቱ ቀዝቃዛ ነው፤ አንድ ቦታ ላይ ብቻ ይሞቃል። እዚያ ቦታ ላይ ወፍራሙ ክር ማንም ሳይነካው ዝቅ ብሎ እንጨቱ ላይ ተጫነ። አልተነሳም። ቤዝ ሁለት እጅ ይፈልጋል፤ አንዱ ክሩን ይጫናል፣ ሌላው ይመታል።

በቀኝ አውራ ጣቴ መታሁት። ድምፁ ሆዴ ውስጥ ገባ። ክሩ ከፍ አለና ሌላ ቦታ ላይ ዝቅ ብሎ ጠበቀኝ። መታሁት። ሦስተኛው ላይ ሳቄ አመለጠኝ።

የጋብቻ ቀለበቴ ከጣቴ ሾልኮ ወለሉ ላይ ተንከባለለ። ክሩ ዝቅ ብሎ እየጠበቀኝ ስለነበር አላነሳሁትም።