ዳክዬዋ እስክትነሣ

«በበሩ አይደለም! በመስኮት ግባ» አሉ ሽማግሌው ሃልቫር በሹክሹክታ።

ከጀልባ የወረደው ሼቲል ዘወር ብሎ እጮኛውን ራግናን አያት። «አባትሽ እየቀለዱ ነው?»

«አይቀልድም። ዳክዬዋ ደጃፉ ላይ፣ ደረጃው ሥር እንቁላል ታቅፋ ተኝታለች። ድምፅህን ቀንስ፤ ያን ቀይ ጃኬትም አውልቅ።»

ግንድ የሚያክለው ሼቲል ጫማውን አውልቆ በካልሲው መስኮቱ ላይ ወጣ፤ ወገቡ ላይ ሲደርስም ተቀረቀረ። ራግና ሳቋን በእጅጌዋ አፍና ከኋላ ገፋችው።

ደሴቲቱ ሱቅ የላት፣ መንገድ የላት፤ ዳርቻዋ ሁሉ ለወፎች የተከለለ ነው። ጸደይ ሲገባ ሃልቫር እንደ አባታቸው ብቻቸውን መጥተው ዳክዬዎቹን ከቁራ ይጠብቃሉ፤ ጫጩቶቹ ባሕር ሲገቡም ጎጇቸው ውስጥ የቀረውን፣ ለትራስና ለብርድ ልብስ የሚሸጠውን ለስላሳ ላባ ይለቅማሉ። ድሮ ዳክዬው ደሴቲቱን ይሞላት ነበር። ዘንድሮ የመጣችው አንዲት ብቻ ናት።

እራት ላይ ራግና ዓሣው ተበልቶ እስኪያልቅ መታገሥ አቃታት።

«አባዬ፣ የሰርጌ ቀን እጄን ይዘህ ቤተ ክርስቲያን ታስገባኛለህ ወይስ አታስገባኝም?»

«እሷን ለማን ትቼ፣ ልጄ? ቁራው ጣሪያው ላይ ነው የሚውለው። ዞር ካልኩ አለቀላት።»

«ሁልጊዜ ዳክዬ! ልደቴም ዳክዬ፣ ምረቃዬም ዳክዬ! ምን አለ እኔንም እንቁላል ውስጥ ብትወልዱኝ!»

ጮኻ ነበር። በበሩ በኩል ከወለሉ ሥር ክንፍ ሲርገበገብ ተሰማ። ሽማግሌው ተንበርክከው ጆሯቸውን ጣውላው ላይ ለጠፉ። ሼቲል ሹካውን እንዳነሣ ቀረ። ቆይቶ ቆይቶ ክንፉ ዝም አለ።

ሃልቫር ቀና ሲሉ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር። «እመጣለሁ። እንቁላሉን ቁራ ይብላው። ልጄን የምድራት አንዴ ነው።»

ራግና ይህን ቃል ዕድሜ ልኳን ስትጠብቀው ኖራለች። አሁን ሲመጣ ግን ደስ አላላትም፤ አባቷ ይህን ብለውም ዓይናቸውን ከጣውላው አልነቀሉም። ሼቲልን አየችው። እሱም ገብቶት በእሺታ ራሱን ነቀነቀ።

ወጥታ ስልክ የሚሠራበት ቋጥኝ ላይ ቆመችና ለሚያጋቧቸው ቄስ ደወለች።

«ቄስ፣ ጀልባ ያጥወለውልዎታል እንዴ?»

«ኧረ በጭራሽ! ምነው?»

«ሰርጉ ወደ ደሴቲቱ ዞሯል። እኛ፣ አባቴና ሁለት ምስክሮች ብቻ ነን። ዘመድ አዝማዱ ድግሱን በኋላ ከተማ ይበላል። አንድ ነገር ግን አለ።»

«ምን?»

«መዝሙር የለም። ስብከቱም በሹክሹክታ ነው።»