ስትሄድ ይነገራታል

የፊዚዮቴራፒ ክሊኒኩን ከሦስት ወር መዘጋት በኋላ ሐምሌ ላይ ስንከፍት ሕጉን ያወጣሁት እኔ ነኝ። በር ላይ ሙቀት ይለካል፣ እጅ በሳኒታይዘር ይታሻል፣ በአንድ ክፍል አንድ ታካሚ ብቻ ይገባል፣ አስታማሚ ደጅ ይጠብቃል። የአስታማሚ ወንበሮቹን በገዛ እጄ አወጣኋቸው። «ኢየሩስ አበዛችው» ተብያለሁ። ይበሉ! እዚሁ መርካቶ ሲኒማ ራስ ጋ ሰው እንደሆነ ዛሬም ይተሻሻል፤ የኔ ሥራ ደግሞ ሰው መንካት ነው።

የመጀመሪያዋ ታካሚ እትዬ አበራሽ ነበሩ። ስትሮክ ግራ ጎናቸውን ከያዘው ዓመት ሊሞላው ነው። ድሮ የሚያመጧቸው ባላቸው ጋሼ ዱባለ ነበሩ። ምን አለሽ ተራ ምድጃ ይሠራሉ፤ የሚስታቸውን ግራ ክንድ ይዘው «ነይ እስቲ የኔ ሙሽራ» እያሉ ነበር የሚያራምዷቸው። አሁን ግን ያመጣቻቸው ልጃቸው ሎዛ ናት። እናቷን አስገብታ ደረጃው ጋ ጠራችኝ።

«አባዬ በኮሮና ሞቷል» አለችኝ። «ሁለት ወር ሆነው። እማዬ አታውቅም፤ ቡታጅራ ሄዶ መንገድ ተዘጋበት ብለናታል። ከደነገጠች ስትሮኩ ይደግማታል ተብሎ፣ ያለ ደጋፊ በእግሯ ስትሄድ መርዶው ይነገራት ብሎ ዘመድ ወሰነ። እስከዚያ ቤት ውስጥ ማልቀስ የለም። ጥቁር እንኳ አልለበስኩም። በሞቴ ኢየሩስ፣ ቶሎ አራምጂልኝ፤ አባቴን ላልቅሰው።»

አንጀቴን በላችው። «አራምዳቸዋለሁ» ብዬ ማልኩላት።

ስገባ እትዬ አበራሽ ክፍሉን ዞር ዞር እያሉ ያያሉ።

«ወንበሩስ? ዱባለ የት ሊቀመጥ ነው?»

«ጋሼ ዱባለ ሲመጡ እናስብበታለን» አልኩ። ውሸት አይሆንልኝም።

«ግድ የለም፣ ይቆማል» አሉ በሩን እያዩ።

ዞሬ አየሁ፤ በሩ ላይ ማንም የለም። ሴትዮዋ ብዙ ተኝተዋል፣ ቢቃዡ ምን ይገርማል ብዬ ራሴን ገሠጽኩ።

ሦስት ሳምንት ሠራን። በሁለቱ የብረት መደገፊያዎች መሃል አቆማቸዋለሁ፤ ይቆማሉ፣ አይራመዱም። እግራቸውን ስፈትሸው ጉልበት አለው። «እትዬ፣ ምን ነካዎት? እያሾፉብኝ ነው እንዴ?» ብዬ ተቆጣሁ። «ዛሬ ይቅርብኝ» ይላሉ ሁልጊዜ።

በአራተኛው ሳምንት፣ በጠራራ ቀን ነው። መስኮቱ ወለል ብሎ ተከፍቶ የዱባይ ተራ ሻጮች ጩኸት ይገባል። ጀርባዬን ሰጥቼ አልጋውን በአልኮል ስወለውል የእግር ኮቴ ሰማሁ። ዞር አልኩ። እትዬ አበራሽ ከብረቶቹ ወጥተው በባዶው ክፍል መሃል ይራመዳሉ።

ያ ዓመት ሙሉ በኔ እጅ እንኳ ያልተነሳው ግራ ክንዳቸው ተነስቷል። የቀሚሳቸው እጅጌ ክርናቸው ላይ ጭምድድ ብሏል። ከሥሩ፣ ሥጋቸው ላይ፣ አራት የጣት ስርጉዶች አየሁ። የያዛቸው ሰው ግን የለም።

«በስመ አብ!» ብዬ ጮህኩ።

«ቀስ በይ» አሉኝ። «መሄዴን እንዳትነግሪያቸው።»

«ለምን?»

«ስሄድ መርዶ ሊያረዱኝ ነው። እሱ ነግሮኛል። ከተለቀሰለት መሄዱ ነው ልጄ፣ ያልተለቀሰለት ነው የሚቆየው። ጥቂት ቀን ተይልን።»

ስንቱን አስታማሚ ያባረርኩ ሴት፣ ጋሼ ዱባለን ግን «ውጡ» አላልኳቸውም። ፈርቻለሁ፣ አልዋሽም። ግን ፊታቸውን ሳየው እንደዚያ ደስ ብሏቸው አይቻቸው አላውቅም። በሩን ዘግቼላቸው ወጣሁ።

ሎዛ ደረጃው ላይ ተቀምጣ ነበር። ስታየኝ ብድግ አለች።

«ሄደች?»

«ገና ናቸው» አልኩ መሬት መሬት እያየሁ። «ሌላ ወር ሳይፈልጉ አይቀርም።»

ሎዛ ተመልሳ ደረጃው ላይ ተቀመጠች። ዓይኗ ሞላ፤ ቶሎ ብላ በክንዷ ጠረገችው፣ እናቷ እንዳያዩባት።

«እሺ» አለች። «ሦስት ወር ችዬ የለ? አንድ ወር ምን አላት።»