ከስሙ ሥር ያለው ሐረግ

«የዚህኛውም መስመር ተንቀጠቀጠ» አለች አክስት ዶንካ፣ በራሊጻ ትከሻ ላይ አጮልቃ።

ራሊጻ ወረቀቱን ጨምድዳ ጣለችው። አባቷ ስታሜን ከሞተ ዛሬ አርባኛ ቀኑ ነው። በከተማቸው በትሪያቭና ለአርባው አዲስ የሐዘን ማስታወቂያ በቤቱ የፊት በር ላይ ሳይለጠፍ ወደ መቃብር አይወጣም። ሌላው ሰው ማተሚያ ቤት ያሠራል። ስታሜን ግን ዕድሜውን ሙሉ የከተማዋን ሙታን ስም በእጁ ሲጽፍ፣ ከስሙ ሥር ሐረግ ሲስል የኖረ ሰው ነው። የእሱ በማተሚያ ቢወጣ ጎረቤት ምን ይላል?

«ጀርመን አገር ምን ሲያስተምሩሽ ኖሩ?» አለ ጎረቤታቸው ጋሽ ሊዩብን፣ የተቀቀለውን የተዝካር ስንዴ በማንኪያ እየዛቀ።

«እዚያ ፊደሉን በኮምፒውተር ነው የምንሠራው፣ ጋሼ።»

«ስታሜን ይህን ቢያይ ተነሥቶ ራሱ ይጽፈው ነበር።»

«አንተ ደግሞ! ስንዴህን ብላ» አለች አክስቷ።

ራሊጻ ስሙን በአዲስ ወረቀት ጻፈች። ደንቡን አልረሳችም። ሐረግ በጣት አይሳልም፤ ክንድ ከትከሻው ይንቀሳቀሳል። ብዕሩ ሲወርድ ይጫናል፣ ሲወጣ ይለቀቃል። ወፍራም መስመር ወፍራሙን አያቋርጥም። እጅ መጀመሪያ አየር ላይ ይዞራል፤ ከዚያ ትንፋሽ እየወጣ፣ በአንድ ጊዜ ይሳባል። ፊደል በፊደል ስትጽፍ ደኅና ነበረች። ሙሉ ስሙ ሲታያት ግን ክንዷ ይደርቃል። ዝናብ ለሚያጥበው ወረቀት ይህ ሁሉ ለምን? አለች በሆዷ።

እናቷ የሞተች ሰሞን አባቷ እዚሁ ጠረጴዛ ላይ የሟቿን ማስታወቂያ ሲሠራ ወረቀቱ ተዘቅዝቆ ነበር። ትንሿ ራሊጻ ልታቃናው እጇን ስትሰድ ያዛት።

«ተዪው። ሐረግ ሲሳል ስሙ ይዘቀዘቃል። ክንድ ወደ ደረት ሲስብ ነው የሚቀናው።» ብዕሩን ቀለም ውስጥ ነከረና፣ «ደግሞም ስሙ አይነበብም» አለ።

አሁን ራሊጻ ወረቀቱን ዘቀዘቀችው። ስሙ ስም መሆኑ ቀረ፤ ጥቁር ጭረት ብቻ ሆነ። ብድግ ብላ ቆመች፣ ተነፈሰች፣ ሐረጉን ሳበችው። መስመሩ ወጣ፣ ሰፋ፣ በቀጭኑ ራሱን አቋርጦ ተመለሰ።

ጋሽ ሊዩብን ማንኪያውን አስቀመጠ። «የራሱ የስታሜን እጅ!»

«በይ አዙሪውና እንየው፣ ልጄ። ቄሱ እየጠበቁን ነው» አለች አክስቷ።

ራሊጻ ቀለሙ እስኪደርቅ እፍ አለችበት። ከዚያ ወረቀቱን እንደተዘቀዘቀ፣ ስሙን ሳታነበው አንሥታ ለአክስቷ ሰጠቻት።

«አንቺ ለጥፊው» አለችና በጓሮው በር ወጣች።