የተለቀሰለት እንጉዳይ

ነጋዴው ለመድኃኒት እንጉዳዬ ሁለት መቶ ሺህ ብር ሊከፍለኝ ከተስማማን በኋላ፣ እንጉዳዩ ሙሾ ካልሰማሁ አላፈራም አለ።

ምግብ አልጎደለበትም። በየከረጢቱ የግራር ሰጋቱራ ሞልቻለሁ፤ ከአምስት እጅ አንዱን ፉርሽካ አድርጌ፣ ስኳርና ጀሶ ለክቼ ጨምሬያለሁ። የእንጉዳዩ ነጭ ድር ከረጢቱን ሁሉ ወረሰው፤ ፍሬ ግን የለም። ጎረቤቴ አቶ እጅጉ ሞቶ የለቅሶው ድንኳን አጥሬ ሥር ሲተከል፣ በአጥሩ በኩል ያሉት ከረጢቶች ቀይ እንጉዳይ አወጡ። የቀሩት እንደነበሩ ናቸው።

ስለዚህ አልቃሿን እትዬ ዘውዴን ቀጠርኳት። አባቴን አለቀሰችልኝ፤ አንድ ረድፍ አፈራ። በእናቴ ሌላው ረድፍ፣ በወንድሜ ደግሞ ቀጣዩ አፈራ። አባቴን ብትደግመው ምንም አልወጣም። አንድ ሟች የሚመግበው አንድ ረድፍ ብቻ ነው።

"ሌላ ሙት የለዎትም ጋሼ?"

"አለቀብኝ።"

"አንድ ረድፍ እኮ ይቀራል።"

ነጋዴው ደግሞ ጎዶሎ አልወስድም ብሏል። ባለቤቴ አንችናሉ ምስር እየለቀመች ሳቀች። "እኔን አልቅሽኝ። ምን እንደሚባልልኝ ልስማው።"

"በቁም ሰው ሙሾ አይወርድም እቴ፤ ሟርት ነው!"

"እጥፍ እከፍልሻለሁ" አልኳት።

እትዬ ዘውዴ አወረደችው።

"ሎጋዋ አልሽኝ?" አለች አንችናሉ። "እግዜር ይይልሽ፤ አጭር ነኝ!"

የመጨረሻው ረድፍ ከሁሉም አብልጦ አፈራ።

በማግስቱ ጎረቤት ንፍሮ ይዞ መጣ። "እግዜር ያጽናህ" አሉኝ።

"ማን ሞተ?" አለች አንችናሉ። እንዳላዩአት አልፈዋት ንፍሮውን ለእኔ ዘረጉልኝ። የዕድሩ ዳኛ እላይዋ ላይ ሊቀመጥ ሲል ተነሥታ ለቀቀችለት። የዕድሩን ሃያ ሺህ ብር ሰጠኝ፤ ተቀበልኩ። ነጋዴውም መዝኖ ከፈለኝ።

የአርባዋን ድግስ አንችናሉ ራሷ ሠራችው፤ ለወጥ ቤት ሠራተኛ የሚወጣው ገንዘብ ተረፈ። ልብሷንና ጫማዋን እኅቷ ለነዳያን አደለችው።

እንግዶቹ ሲሄዱ ሒሳቤን ዘጋሁ። ወጪው ሁሉ ተቀንሶ መቶ ሰማንያ ሺህ ብር ተርፎኛል፤ ከቤቴ አንድ ሰው ጎድሎብኛል። አንችናሉ በባዶ እግሯ ጓዳ ቆማ ሳህን ታጥባለች። ልጠራት አፌን ስከፍት የወጣው ሙሾ ነበር። ሳህኑን አስቀምጣ፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ አብራኝ አለቀሰች።