ነገ ጠዋት በገዛ እጄ

የጣቢያው ሰዎች «ጨዋው» ይሉታል። ለሙገሳ እንዳይመስላችሁ፣ ለሹፈት ነው። አንዴ ሌባ ሊይዝ ሄዶ፣ በሩን በእርግጫ ብሎ እንደ መግባት፣ ጉሮሮውን ጠራርጎ «ቤቶች፣ እንግባ?» አለ። ሌባውም «ቆይ ልብስ ልልበስ» ብሎ በጓሮ መስኮት ላጥ አለ። ከዚያ ወዲህ በገዛ ስሙ የጠራው ሰው የለም። እሱ ደግሞ ምንም አይከፋውም፤ ሰው ማክበር ምን ነውር አለው ባይ ነው። አዬ! ነውሩን ኋላ ታዩታላችሁ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አዋላጇ ወደ ጣቢያው መጡ። በዚያ ሰፈር አዋላጇን የማያውቅ የለም፤ ግማሹ ሰው እዚህች ምድር ላይ ሲደርስ መጀመሪያ የተቀበለው የእሳቸው እጅ ነው። የጨዋው የበኩር ልጅ ስትወለድ በእግሯ መጥታ እናትየዋም ልጅቷም ሊያልቁ ሲሉ፣ ነርሶቹ እርስ በርስ ሲተያዩ፣ እጅጌያቸውን ሰብስበው የገቡት እሳቸው ናቸው። ባለቤታቸው ደግሞ ጡረታ እስኪወጡ የፖሊስ መሣሪያ አሠልጣኝ ነበሩ። ጨዋው ምልምል ሳለ እጁ እየተንቀጠቀጠ ዒላማ ሲስት፣ ሌላው ሲስቅበት፣ ከኋላው ቆመው «መሣሪያውን አትፍራው፤ ግን አትናቀው» እያሉ ያበረቱት እሳቸው ናቸው። እና ባልና ሚስቱ ለጨዋው አባትና እናት ያህል ናቸው ብል ማጋነን አይደለም።

«ልጄ፣ በሩን መለስ አድርገው» አሉ አዋላጇ፣ ከአግዳሚው ጫፍ ላይ ቁጢጥ ብለው።

«ጋሼ ደህና ናቸው?»

«ደህና ቢሆንማ እኔን እዚህ ምን አመጣኝ።»

ከዚያ እጃቸውን እያዩ ተናገሩ። ጡረታ ከወጣ ወዲህ እንቅልፍ ጥሎት ሄደ። መጀመሪያ ጎረቤቶቹ ይከታተሉኛል አለ፤ ቀጥሎ ከሬዲዮው ውስጥ ስሜን ሲጠሩኝ ሰማሁ አለ። አሁን ተራው የእሳቸው ሆነ። «መርዝ ታደርጊብኛለሽ ይለኛል። እኔ ፊቱ ካልቀመስኩለት ውኃም አይጠጣ። በሠላሳ ምናምን ዓመት ትዳር አንዴ እጁን አንስቶብኝ አያውቅም እኮ! ትናንት ዕቃ ሳጥብ ከኋላዬ መጣ። የሆነ ቀዝቃዛ ነገር ማጅራቴ ላይ አረፈ። ‹ማነው የላከሽ?› አለኝ። ሳህኑን ብለቀው በድንጋጤ ይተኩሳል ብዬ ማጠቤን ቀጠልኩ። አንዱን ሳህን ስንቴ እንዳጠብኩት እኔና ፈጣሪ ነን የምናውቀው። ኋላ ተወኝና ሄዶ ጋደም አለ።»

ጨዋው ተነስቶ አጠገባቸው ተቀመጠ።

«እሱን እንዳትነኩብኝ» አሉ አዋላጇ፤ «በሽታ ነው እንጂ እሱ አይደለም። ሽጉጡን ብቻ ውሰዱልኝ። ደግሞ አደራህን ልጄ፣ እኔ መምጣቴን እንዳይሰማ። ከሰማ አበቃልኝ።»

«በሕይወቴ እትዬ! ዛሬውኑ እንወስደዋለን» አለ ጨዋው። ሲለውም ከልቡ ነበር።

ደግሞም ይችላል። ድሮ ቢሆን ኖሮ፣ ፈቃድ ያለው ሰው ሽጉጡን ይዞ ቢያብድም ፖሊስ ከሩቅ ከማየት ሌላ መላ አልነበረውም። ደም እስኪፈስ ቁጭ ብሎ መጠበቅ ነበር። አዲሱ አዋጅ ግን፣ ከቤተሰቡ አንድ ሰው ቀርቦ ስጋቱን ከተናገረ፣ ፖሊስ መሣሪያውን ወዲያውኑ ይውሰድ፣ ዳኛ ዘንድ የሚኬደው በኋላ ነው አለ። «ወዲያውኑ» የምትለዋን ቃል የጣቢያው አዛዥ ጠረጴዛ እየደበደበ ነው ያነበባት። አዋጁ ሲረቀቅ ስንት ጭቅጭቅ ነበር መሰላችሁ! ፖሊስ በሰበቡ የሰው ቤት ይበረብራል፣ የጠላውን ሁሉ ትጥቅ ያስፈታል ተባለ። ሥጋቱ እውነትም ሥጋት ነው። ፖሊስ ሥልጣኑን ይዞ ደጅ ድረስ ሄዶ ያፍራል ብሎ የተከራከረ ግን አንድም ሰው አልነበረም።

አብራው የምትሄደው ባልደረባው «ምላጭ» የሚሏት ሴት ናት። ስሟን ያወጣላት ምላሷ ነው። መኪና ውስጥ ሆነው ጨዋው ምን ብሎ እንደሚጀምር ሲያጉተመትም ሰማችው።

«ምኑን ታጠናለህ? ‹ጋሼ፣ መሣሪያዎን ይስጡን› ነው። አለቀ።»

«እንዲህ በቀላሉማ አይባልም። አሠልጣኛችን ናቸው እኮ።»

«እሺ፣ ጉሮሮህን መጥረግ ብቻ እንዳትረሳ» አለችውና ሳቀች። እሱም ሳቀ። ምን ያድርግ።

ሲደርሱ ቤቱ በሰው ሞልቷል። የአሠልጣኙ ታናሽ ወንድም ከነሚስቱ ለጥየቃ መጥተዋል፤ ከወዲያ ማዶ ያሉት ጎረቤትም ሻይ ይዘው ተቀምጠዋል። አሠልጣኙ ሸሚዛቸው የተተኮሰ፣ ፀጉራቸው የተበጠረ፣ ፍጹም ጤነኛ ሰው ነበሩ። ጨዋውን ሲያዩ ፊታቸው በራ። «የኔ ልጅ! ኑ ግቡ! ይኸውላችሁ፣ ከስንቱ ምልምል ሁሉ ሰው የሆነልኝ ይሄ ነው» አሉና ለእንግዶቹ አስተዋወቁት። ኮታቸው ሥር፣ ወገባቸው ላይ፣ ሽጉጡ ጎበጥ ብሎ ይታያል። ምላጭ ጨዋውን በክርኗ ጎሸም አደረገችው። አዋላጇ ከጓዳ የሻይ ትሪ ይዘው ብቅ አሉና፣ እንደ ማንኛውም እንግዳ «እንደምን ዋላችሁ» ብለው ተመልሰው ገቡ።

«ጋሼ፣ አንዴ ለብቻዎ ላነጋግርዎት?» አለ ጨዋው።

መተላለፊያው ላይ ቆሙ። ምላጭም ተከትላ ወጥታ ከበሩ አጠገብ ቆመች። ጨዋው እጁን እያሻሸ ጀመረ፤ መሣሪያዎን ለጥቂት ጊዜ እንድንረከብ ነው፣ የተለመደ ምርመራ ነው፣ የጡረተኛውን ሁሉ ነው የምናየው፣ እርስዎን ብቻ አይደለም፣ እንዳይከፋዎት...

አሠልጣኙ ሳቁ። «ምርመራ? የመሣሪያ ምርመራ ደንቡን ማን ያረቀቀው ይመስልሃል? ልጅ፣ ለቀባሪው አረዱት አለ ያገሬ ሰው። ማነው የከሰሰኝ?»

«ኧረ ማንም...» አለ ጨዋው። አፉ እንዲህ ይበል እንጂ ዓይኑ ወደ ጓዳው በር ሄዶ ተመለሰ። ብልጭታ ታህል ናት። ነገር ግን አሠልጣኙ ዕድሜ ልካቸውን ሲያስተምሩ የኖሩት ይህንኑ ነው፤ የሰው አፉን ሳይሆን ዓይኑ የሚሄድበትን እዩ እያሉ። አዩት። ፊታቸው ላይ ግን ምንም ነገር አልተለወጠም።

«ገባኝ» አሉ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ስማኝማ ልጄ። ወንድሜ ፊት፣ ጎረቤት ፊት፣ ወገቤን ልትፈትሽ ማለት ነው? ከዚህ ቤት እኔን ራቁቴን አስቀርተህ ልትወጣ ነው? ይህን ለጠላትህ ታደርገዋለህ?»

«ኧረ ጋሼ...»

«ነገ ጠዋት በገዛ እጄ ይዤልህ እመጣለሁ። መቼ ዋሽቼህ አውቃለሁ?»

ዋሽተውት አያውቁም። ክፋቱ ይኸው ነበር። እጃቸውን ትከሻው ላይ ጣል አደረጉ፤ ምልምል ሳለ እንደሚያደርጉት። ጨዋው ዓይናቸውን ማየት አቃተው።

ምላጭ «ጋሼ፣ ይቅርታ፣ አሁኑኑ ነው የምንወስደው» አለች ወደ ፊት እየተራመደች።

«ተይ አንቺ!» አላት ጨዋው። ማዕረጉ ከእሷ ይበልጣል። «እሺ ጋሼ። ነገ ጠዋት።»

ወይ ይሉኝታ! ስንቱን ቤት አፍርሰሃል! አዋጁ ከእሱ ጋር፣ አዛዡ ከእሱ ጋር፣ ሁለት ሆነው ሄደው፣ አንድ ሽማግሌ ወገብ ላይ ያለ ብረት መውሰድ እንዴት ያቅታል? ቢያኮርፉት ያኮርፉት ነበር። ቢሰድቡት ይሰድቡት ነበር። ስድብ ሰው ገድሎ ያውቃል? ይህን ዛሬ ሲያወሩት ቀላል ነው በሉኝ፤ ልክ ናችሁ። እኔን ግን ያንገበግበኛል።

ሲወጡ አዋላጇ ውሻ ሊያስሩ መስለው እስከ አጥር በር ተከተሏቸው። «ሰጣችሁ?» አሉ በሹክሹክታ።

«ነገ ጠዋት ራሳቸው ያመጡታል፣ እትዬ። ቃላቸውን ሰጥተውኛል።»

አዋላጇ የአጥሩን በር ይዘው ቆሙ። ጨዋው «ለዛሬ እኛ ቤት ይደሩ» ሊላቸው ነበር፤ ቃሉ ምላሱ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ግን የሰውን ሚስት፣ እንግዳ ቤቷ ተቀምጦ፣ ባልሽን ትተሽ ውጪ ማለት እንዴት ይሆናል? ምን ይሉናል? ዋጠው።

«መናገሬን ሰማ?»

«አልሰሙም» አለ ጨዋው። የዋሸው ለማጽናናት ነው፤ «ገባኝ» ያሉት ግን ጆሮው ላይ ነበር።

«እሺ ልጄ። አንተ ካልክ» አሉና ነጠላ ጫማቸውን እየጎተቱ ወደ ቤት ተመለሱ።

ምላጭ መኪናዋን አስነስታ መሪውን ይዛ ቀረች። «አዋጁ የሚለው ወዲያውኑ ነው፤ ሲመቻቸው አይደለም የሚለው። እንመለስ።»

«ሰውየውን አታውቂያቸውም። ቃል ከሰጡ ሰጡ ነው።»

«ሽጉጡን ያመጣሉ አያመጡም አላልኩህም! እስከዚያ ምን ያደርጉበታል ነው የምልህ።»

ጨዋው ቀበቶውን አሰረና «ንጂ» አላት።

ቤቱ ሲገባ ሚስቱ ራት አቀረበች። አንዴ ጎርሶ ተወው። ምን ሆነሃል ብትለው ነገራት። ሚስቱ እጇን ከማዕዱ አነሳች። «እና እትዬን እዚያ ጥለሃቸው መጣህ?» አለች። እንደ መነሳት አለ፤ ጃኬቱንም ለበሰ። ከዚያ፣ አሁን ተኝተው ቢሆንስ፣ እንግዶቹም እዚያው ሊያድሩ ቢሆንስ፣ የሰው በር ማንኳኳት አይከብድም ወይ እያለ ከነጃኬቱ ሶፋው ላይ ተቀመጠ። እዚያው እንደ ተቀመጠ ነጋ።

ጠዋት የጣቢያው በር ሲከፈት አሠልጣኙ ውጭ ቆመው ነበር። ጺማቸውን ተላጭተዋል፤ ጫማቸው ያብረቀርቃል። ጨዋው በመስኮት ሲያያቸው ከደስታው የተነሳ ብድግ አለ። «አላልኩሽም? ቃላቸውን የሚያከብሩ ሰው ናቸው አላልኩሽም?» አላት ምላጭን። እንዲህ ሲስቅ አይታው አታውቅም።

አሠልጣኙ ገብተው ሽጉጡን ጠረጴዛው ላይ አኖሩት። ጥይቱን አራግፈው፣ አፈሙዙን ወደ ግድግዳ አዙረው፣ ልክ ሲያስተምሩ እንደኖሩት። ጨዋው ጎንበስ ብሎ በሁለት እጁ ተቀበላቸው። «እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ። አላሳፈሩኝም።»

ምላጭ ሽጉጡን ከእጁ ወሰደችና ወደ አፍንጫዋ አስጠጋችው። ፊቷ አመድ መሰለ። «ተተኩሶበታል» አለች።

«አዎ» አሉ አሠልጣኙ፣ ሰዓት የተጠየቁ ያህል። «እንግዶቹን ሸኝቼ ነው። ሰው ልካችሁ አንሷት፤ ጓዳ ናት።»

ከዚህ ወዲያ እኔ አንቱ አልለውም፤ አፌ አይታዘዝልኝም። ምላጭ ካቴናውን ይዛ ዘለለች፤ እጁን ወደ ኋላ ጠምዝዛ አሰረችው፤ በሬዲዮ እየጮኸች መኪና ጠራች፤ ወደ ውጭም ሮጠች። ጨዋው እዚያው ቆሟል። መጮህ ፈለገ፣ አልወጣለትም። የአሠልጣኙን አንገት ማነቅ ፈለገ፣ እጁ አልነሳለት አለ። የወጣችው ሌላ ነገር ናት፤ አፉ በለመደው መንገድ ሄደ።

«ይቀመጡ፣ ጋሼ» አለ።

ከነካቴናው እንዲመቸው ወንበሩን ሳብ አደረገለት። አሠልጣኙ ተቀመጠና፣ ጨዋውን ከእግር እስከ ራሱ በፍቅር አየው።

«አንተ ጥሩ ልጅ ነህ» አለው። «ሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ ትናንት ይወስደው ነበር።»