ሐቢባ መክበድ ስትማር

"ከፍሎ ብረት መሸከም ምን የሚሉት ጥጋብ ነው?" እያልኩ ስስቅ የኖርኩት ሴትዮ፣ በሃምሳ ስምንት ዓመቴ ጂም ገባሁ። ወድጄ እንዳይመስላችሁ። ባለቤቴን ጸጋዬን ከገና በኋላ ስትሮክ መታውና ግራ ጎኑ አልታዘዝ አለው። ያለነው በሰው አገር ነው፤ ከሆስፒታል ፍራንክሊንተን የሚባል ሰፈር ወዳለ ማገገሚያ አዛወሩት። ጊዜው የኮሮና ነበርና ገብቶ መጠየቅ አይቻልም። እኔ ውጪ በረዶ ላይ ቆሜ፣ እሱ ውስጥ አልጋው ላይ ሆኖ፣ በመስኮት እየተያየን በስልክ እናወራለን።

አንድ ቀን አካሉን የምታለማምደው ቴራፒስት ኮል አደረገችልኝና ነገሩን አፍረጠረጠችው። እሷ ፊት ብቻዬን ከአልጋ አንስቼ ዊልቸር ላይ ማስቀመጥ ከቻልኩ ቤቱ ይገባል፤ ካልቻልኩ እዚያው ይቀራል። ቤት ውስጥ ደግሞ እኔና እሱ ብቻ ነን። ጸጋዬ በር ሲገባ ጎንበስ የሚል ግዙፍ ሰው ነው፣ እኔ ትከሻው ጋ እንኳ አልደርስም። ለጎረቤቴ ለሐቢባ ስነግራት እንባዬ ቀደመኝ።

"አብሽሩ እትዬ ማዘንጊያ፣" አለችኝ። "ነገ ከሥራ ስመለስ ጂም ይዤዎት እሄዳለሁ።"

ሐቢባ የደሴ ልጅ ናት። ዌርሃውስ ዕቃ ስትጭን ወገቧን አሟት ሐኪሙ ጂም ካዘዘላት ወዲህ ሚነርቫ ፓርክ አጠገብ ያለውን ጂም ቤቷ አድርጋዋለች። እንዴት እንደሚጎነበስ፣ ትንፋሽ መቼ እንደሚወጣ ሁሉ ያስተማረችኝ እሷ ናት። "በወገብዎ አይደለም፣ በጉልበትዎ ይውረዱ" ትለኛለች። ስሳሳት አትቆጣም፤ ይኼ ነገሯ ደግሞ ያናድደኛል። ትንሿን ብረት ከፍ ባደረግኩ ቁጥር "ማሻአላህ!" ትላለች፣ ተራራ የገፋሁ ይመስል።

"ምኑ ነው ማሻአላህ? የውሃ እንስራ እኮ ከዚህ ይከብዳል!" እላታለሁ።

ሁዳዴ ሲገባማ ጭራሽ ባሰባት። "እንቁላል ሳይበሉ ጡንቻ ከየት ይመጣል?" አለችኝ።

"ስንቱ ገበሬ በሽሮ አይደል እንዴ የሚያርሰው! አርፈሽ ቁጠሪ" አልኳት። ሳቀችና ቆጠረች።

ውሎ አድሮ ብረቱ ሰለቸኝ። "ብረት አንገት የለው፣ ክንድ የለው። እኔ እኮ የማነሳው ሰው ነው" አልኳት።

"እኔን ያንሱኛ!" አለችና አግዳሚው ላይ ቁጭ አለች።

ቴራፒስቷ በቪዲዮ እንዳሳየችኝ ወገቧ ላይ ሰፊ ቀበቶ አሰርኩላት። ጉልበቷን በጉልበቴ ደገፍኩ፣ ደረት ለደረት ገጠምንና ብድግ! እንደ ጥጥ ተነሳች። ሳምንቱን ሙሉ እንዲሁ እንደ ጥጥ ስትነሳልኝ ኩራቴን አትጠይቁኝ። ጸጋዬንም በመስኮት "ተዘጋጅ፣ ልሸከምህ ነው" አልኩት።

"ተይ፣ ትሰበሪያለሽ፣" አለኝ በዚያ በሚጎተት አንደበቱ። "እዚሁ ልቅር።"

የዚያን ቀን ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም። በማግስቱ ሐቢባን በእልህ ሳነሳ ዓይኔ ድንገት የግድግዳው መስታወት ላይ አረፈ። እግሮቿን አየኋቸው። በጣቶቿ ወለሉን ቆንጥጣ በሁለት እግሯ ትገፋለች! ለካ እኔ አይደለሁም የማነሳት፣ ራሷ ናት የምትነሳው።

"አንቺ! ትገፊያለሽ እንዴ?"

"እኔ? ወላ..." ብላ አፏን ዘጋች። ሐቢባ በውሸት አትምልም።

ደሜ ፈላ። "ጸጋዬ የሚገፋበት እግር የለውም! እዚያ ሄጄ ሰው ፊት ብጥለው ምን ልትዪኝ ነበር? ማሻአላህ?"

አቀረቀረች። "ሲያቃስቱ አላስችል ይለኛል እትዬ" አለች። "ሰው ላይ መክበድ ነውር ነው ተብዬ ነው ያደግኩት። ታምሜ እንኳ ልጆቼ ሲደግፉኝ እሸማቀቃለሁ። ሰውነቴ እንቢ ይላል።"

ንዴቴ ባይበርድም አጠገቧ ተቀመጥኩ። "እንግዲያው እኔን መርዳት ከፈለግሽ ክበጂኝ" አልኳት። "ሌላ እርዳታ አልፈልግም።"

ዓይኗን ጨፈነች። "ቢስሚላህ" አለችና እጅ እግሯን ለቀቀች። ጭንቅላቷ ትከሻዬ ላይ ወደቀ። ሳብኳት፣ ንቅንቅ አላለችም። እንደገና ስሞክር ሁለታችንም ተያይዘን አግዳሚው ላይ ዘፍ አልን። ብረት ሲያነሳ የነበረ አንድ ጎረምሳ ሊረዳን ሮጦ መጣ። "ኖ! ኖ!" ብዬ መለስኩት፣ ደንግጦ ሄደ። ሐቢባ ማስኳ ውስጥ እያለቀሰች ይሁን እየሳቀች አላውቅም፣ እኔ ግን ሁለቱንም አደረግኩ።

ከዚያ ቀን ወዲያ ሥራችን ተቀየረ። የኔ ማንሳት፣ የሷ መክበድ ሆነ። እውነቱን ልናገር፣ የሷ ይብሳል። እግሯ ሊገፋ ሲል ራሷን "ተይ!" ትላለች። መጀመሪያ ከአግዳሚው ትንሽ አላቀቅኳት፣ ሲሰነብት እስከ ግማሽ አደረስኳት፣ በመጨረሻም አቆምኳት። ማሻአላህ ሳትል ቀረች፣ እኔው አልኩላት። ከዚያ በኋላ የልጇን የትምህርት ቤት ቦርሳ ብረት ሞልታ ደረቷ ላይ አንጠልጥላ ትመጣ ጀመር፣ ጸጋዬን ለማከል።

የፈተናው ቀን ያስገቡት እኔን ብቻ ነው። ሐቢባ መኪናዋ ውስጥ ቀረች። ቴራፒስቷ ዊልቸሩን አልጋው ጎን አቆመችና እጇን አጣጥፋ ራቅ አለች። ጸጋዬ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጧል። ከስቷል፣ ቢሆንም ያው ግዙፉ ጸጋዬ ነው። ዓይኑን ከኔ አሸሸ።

ቀበቶውን ያዝኩ። ጉልበቱን በጉልበቴ ደገፍኩ፣ ጭንቅላቱን ትከሻዬ ላይ አስጠጋሁ። "በጉልበትሽ ውረጂ" አልኩ ለራሴ፣ ከዚያ ተነሳሁ። ከነሙሉ ክብደቱ መጣ። ቆምን።

"ቬሪ ጉድ፣ አሁን አዙረሽ አስቀምጪው" አለች ቴራፒስቷ። ዊልቸሩ እዚያው አጠገባችን ነው።

ያን ያህል ጊዜ ስናፍቀው የከረምኩት የመስኮቱን መስታወት እየነካሁ ነው። አሁን ትንፋሹ አንገቴ ላይ ነው። በትዳራችን ዘመን ሁሉ ሰው ፊት እጄን እንኳ ይዞኝ የማያውቀው ሰውዬ፣ ደህናው እጁ ቀስ ብሎ መጣና ጀርባዬ ላይ አረፈ።

"ከበድኩሽ?" አለኝ።

"አዎ" አልኩት፣ ግን አላስቀመጥኩትም።